የታሪኩ ባለቤት ማን ነው?

በሰዋስዋችን የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ «ባለቤት» እንለዋለን። የትዳር ጓደኛችንን ስንጠራም «ባለቤቴ» እንላለን። የግጥም ስንኝ የሚያርፍበት ፊደል ስሙ «ቤት» ነው፤ ቤት ያልመታ ግጥምም ጆሮ አይቀበለውም። ድርጊቱን፣ ትዳሩንና ዜማውን ሁሉ በቤት ስም የሚጠራ ሕዝብ፣ ቴአትሩን ግን ከቤቱ ደጃፍ አርቆ በአዳራሽ ውስጥ ካስቀመጠው ረጅም ዘመን ሆነው።

ይህ ጽሑፍ ለአንድ ነገር ይከራከራል። የምሥራቅ አዲስ አበባ የቤትና የሀብት ታሪክ፣ ነገሩ በተፈጸመበት መሬት ላይ፣ በዚያው በኖሩት ሰዎች አንደበት፣ ባላጋራውም በተገኘበት ሊተወን ይገባል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ሥራው ጎዶሎ ነው። በተለይም ባላጋራው ያልተገኘበት ቴአትር፣ አንድ ወገን ብቻ ተናግሮ ፍርድ የሚሰጥበት ችሎት እንጂ ኪነ ጥበብ ሊባል አይችልም።

በመጀመሪያ አዳራሾቻችን የት እንዳሉ እንመልከት። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽና በመርካቶ የሚገኘው ራስ ቴአትር ተከተሉ። አራቱም የቆሙት ከተማይቱ ቀድማ በተስፋፋችበት በመካከለኛውና በምዕራቡ ክፍል ነው። ከተማይቱ ግን ባለፉት ስድሳ ዓመታት ፊቷን ወደ ምሥራቅም አዙራ፣ ከቦሌ መንገድ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት፣ ከዚያም አልፋ እስከ ቦሌ አራብሳ ተዘርግታለች። የአራብሳ ነዋሪ ከእነዚህ አዳራሾች በአንዱ የሚታየውን ተውኔት ለማየት ከተማውን ማቋረጥ፣ ሲመለስም በምሽት ታክሲ መጠበቅ አለበት።

«እንግዲያው በምሥራቁም አንድ አዳራሽ ይሠራ» የሚል ይኖራል። ቢሠራ ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ የጎደለን አዳራሽ ብቻ አይደለም። አዳራሹ ቢሠራም እንኳ የቆመበት መሬት ትናንት የማን እንደነበረ፣ ማን ከዚያ እንደተነሣ፣ ማን እንደከበረበት የሚናገር ተውኔት ካልታየበት፣ በፎቆች መካከል አንድ ፎቅ ከመጨመር በቀር ምን ፈየደ?

መሬቱ የሚናገረው አላጣም። ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፍበትና ፎቅ የሚደረደርበት የቦሌ ምድር ትናንት የሚታረስ ማሳ፣ ከብት የሚሰማራበት የኦሮሞ ገበሬዎች ቀዬ ነበር። ቡልቡላን የመሰሉ የቦታ ስሞች ዛሬም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋናው የአውሮፕላን ማረፊያ ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛወረ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ዲፕሎማቱና የውጭ ሀገር ባለሙያው የሚከራየው ቤት ፈለገ፤ መሬትና ገንዘብ ያለውም ቪላ እየሠራ አከራየ።

የቦሌ ቪላ ግቢ ራሱ የኅብረተሰብ ታሪክ መጽሐፍ ነው። ከፊት ሰፊ መስኮት ያለው ዋናው ቤት፤ ከኋላ ግንቡን ተጠግቶ ወጥ ቤቱና ሠራተኞች የሚያድሩበት ሰርቪስ ቤት፤ ከበሩ አጠገብ አንድ አልጋ ብቻ የምታስገባ የዘበኛ ቤት። በአንድ አጥር ውስጥ ሦስት ዓይነት ኑሮ፣ ሦስት ዓይነት እንቅልፍ አለ። ደራሲ የመደብን ልዩነት ለማሳየት ብዙ ሊጨነቅ አይገባውም፤ ግንበኛው አስቀድሞ ሠርቶለታል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ሌሎቹ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ።

ይህን አዋጅ በአንድ አፍ ብቻ መተረክ አይቻልም። ብዙ ቪላ የነበረው ከበርቴ ትርፉን ሲያጣ፣ ከደመወዙ ብዙውን ለኪራይ ይገብር የነበረው ተከራይ እፎይ አለ፤ ይህ ሐቅ ነው። ጠላ ሸጣ ባጠራቀመችው ሳንቲም ሁለት ክፍል ሠርታ በኪራዩ የምትጦር ባልቴትም «ትርፍ ቤት ያላት» ተብላ ከባለ ብዙ ቪላው ጋር በአንድ መዝገብ ሰፈረች፤ ይህም ሐቅ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዓመታት ባለበት ቆሞ ለድኃው መጠጊያ ሲሆን፣ በዚያው መጠን ቤቱን የሚያድስ ጠፍቶ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ምርጊቱም ረገፈ፤ ይህም ሦስተኛው ሐቅ ነው። ሦስቱ ሐቆች በየጓዳው ለየብቻቸው ይነገራሉ። በአንድ መድረክ ፊት ለፊት የሚያገናኛቸው ግን ማን ነው?

ከዚያ ወዲህ የሆነውም ከዚህ ያነሰ ጉዳይ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ታወጀ፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቢቀጥልም መጠቀሚያው መብት የጨረታ ዋጋ ወጣለት። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ የተጀመረው የሙከራ ግንባታ የኮንዶሚኒየምን ዘመን ከፈተ። የቤት ተስፋ በእጣ የሚጠበቅ ሆነ፤ ከእጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተመደበ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የ10/90፣ የ20/80ና የ40/60 ምዝገባ ተካሄደ። እጣው ብዙ ቤተሰብን ከኪራይ እንግልት አውጥቷል። ሆኖም የባንኩን ዕዳ መክፈል አቅቶት የደረሰውን ቤት አከራይቶ ራሱ በጠባብ ክፍል የቀረ አለ። ለሕንፃው ሲባል ከእርሻው ተነሥቶ፣ በቀድሞ ማሳው ላይ በቆመው ፎቅ ደጃፍ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ የሆነም ገበሬ አለ። አንዱ እልል ያለበት መሬት ለሌላው የእንባ መሬት ነበር። ሁለቱ ዛሬ ጎረቤት ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ታሪክ አልሰማም።

ጉዳዩ ለነገ የማይባልበትም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳንና ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ሲለውጥ፣ በ2017 ዓ.ም. የአሮጌው ካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። ወራሪው ሄደ፣ ስሙ ቀረ፤ ቤቱም ፈርሶ ስሙ ይቀራል። ስም ግን ብቻውን ታሪክ አይናገርም። የመንገድን መስፋትና የከተማን መጽዳት የሚጠላ የለም። የሚያንገበግበን፣ ግድግዳው ሲፈርስ ግድግዳውን የሚያውቀው ሰውም አብሮ መበተኑ ነው። እድሩ ይፈርሳል፤ የቡና ጉርብትናው ይቆረጣል፤ «እዚህች ክፍል ውስጥ እኮ…» ብሎ ጣቱን የሚቀስር ሰው ይጠፋል። ሕንፃን በፎቶግራፍ ማስቀረት ይቻላል፤ በጣት የሚጠቁመውን ሰው ግን መጠበቅ የሚችለው ኪነ ጥበብ ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን በየተራ እንስማ።

አንደኛው ወገን «ከአዳራሽ ውጭ በሰው ግቢ ቴአትር ማሳየት የፈረንጅ ፋሽን ነው» ይለናል። ይህን የሚል ሰው የገዛ ባህሉን አልመረመረም። ላሊበላ የሚባሉት ዘማሪዎች ጎሕ ሳይቀድ በሰው ደጃፍ ቆመው፣ የቤቱን ጌታ ስም ከጎረቤት ጠይቀው፣ ሲሰጣቸው እያወደሱ ሲነፍጋቸውም እየወረፉ ይዘምራሉ። መድረካቸው ደጃፉ ነው፤ ነገራቸውም የዚያው ቤት ጌታ ሀብትና ልግስና ነው። በቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆችስ ከቤት ቤት እየዞሩ የሚሠሩት ሌላ ምንድር ነው? ከሁሉም በላይ ግን በልሃ ልበልሃ አለን። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመሬት ሲጣሉ በመንገድ ዳር ወይም በዛፍ ጥላ ይቆሙ ነበር። አንዱ ሌላውን ጥሎ እንዳይሄድ ኩታቸው ተቋጥሮ፣ በምሳሌና በግጥም ይሟገታሉ፤ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ሆኖ ይሰማል። እንግዲህ መሬት፣ ሀብት፣ ተሟጋችና ተመልካች በአንድነት የተገኙበት ከዚህ የበለጠ ምን ቴአትር አለ? ፋሽን ከተባለ፣ አዳራሹና መጋረጃው ናቸው ከውጭ የመጡት።

ሁለተኛው ወገን «ይህንንስ የቀበሌ ኪነት ጨርሶታል» ይላል። ይህ ክርክር ቁም ነገር አለውና በጥንቃቄ እንመልሰው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ከበሮውን፣ ክራሩንና ድራማውን ወደ ሰፈር አወረዱ። ቴአትር አይቶ የማያውቅ ሰው ጎረቤቱ ሲተውን አየ። በኋላ ስመ ጥር የሆኑ ብዙ ድምፃውያንና ተዋንያን የመጀመሪያ መድረካቸው የቀበሌ አዳራሽ ነበር። ይህን ውለታ የሚክድ ከንቱ ነው። ስህተቱ ግን ወዴት ነበር? መፈክሩ ከላይ መጣ፤ ድምዳሜው መጋረጃው ሳይከፈት ታወቀ። አከራዩ በሆዱ ትራስ የጎሰረ አውሬ፣ ተከራዩ እንከን የማይገኝበት ጀግና ሆኖ ተሳለ። ያቺ በሁለት ክፍል ኪራይ የምትጦረው ባልቴት በዚህ ተውኔት ውስጥ ቦታ አልነበራትም፤ አውሬም ጀግናም አይደለችምና። ከዚህም የከፋ ነገር ነበር፤ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በብዙ ቀበሌዎች ኪነቱ የሚጨፍርበት ግቢ እስረኛም የሚታጎርበት ግቢ ነበር። ከግድግዳው ወዲህ ጭብጨባ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰቆቃ። ስለዚህ ከኪነት የምንወርሰው ወደ ሰፈር መውረዱን ነው፤ ተሟጋቹን አስወጥቶ ብቻውን መፍረዱን አንወርስም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌላ ፈሊጥ መጣ። ገንዘብ የሰጠው ድርጅት መልእክቱን አብሮ ይሰጣል፤ ተዋናዩ በየመንደሩ ዞሮ መልእክቱን ያደርሳል፤ ሪፖርቱም ይጻፋል። ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የተሠራው ጥቅም አልሰጠም አንልም። ሆኖም መልእክቱ ቢለወጥም ሕዝቡ ያው ተቀባይ እንደሆነ ቀረ። በዚህ መካከል ለየት ያለ መንገድ ያሳየው በ1980ዎቹ መጨረሻ ከጎዳና ኑሮ ከወጡ ወጣቶች ጋር በተጀመረ ሥልጠና የተወለደው አዱኛ የዳንስ ቴአትር ነበር። አዱኛ ከዳንሱ ጎን የብራዚላዊውን የአውጉስቶ ቦአልን ፎረም ቴአትር ሠርቷል። በዚህ አሠራር ተመልካቹ «አይደለም፣ እንዲህ አይደለም የሆነው!» ብሎ ተነሥቶ የተዋናዩን ቦታ ይይዛል። ይህ የእኛው በልሃ ልበልሃ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ይመስላል።

ሦስተኛው ወገን ከሁሉም የሚያስፈራው ነው፤ ምክንያቱም በለሆሳስ ይናገራል። «የማን ቤት ከማን እንደተወሰደ፣ ማን በምን እንደከበረ በሰፈር መካከል ማንሣት ቂም ያጭራል፤ ይልቅ ተዉት» ይላል። መልሳችን አጭር ነው። ይህ ነገር በታክሲ ውስጥ፣ በልቅሶ ቤትና በቡና ላይ በየዕለቱ ይነገራል። የማይነገረው ባለቤቱ ፊት ብቻ ነው። ቂምን የሚያሳድገው ፊት ለፊት የተባለው ቃል አይደለም፤ ከጀርባ ተብሎ መልስ ያላገኘው ነው። በልሃ ልበልሃ ጠበኞችን ኩታ ለኩታ የሚቋጥረው ሊያጣላቸው ሳይሆን፣ ሳይሰማሙ እንዳይለያዩ ነው።

ከሌላው ዓለም ሁለት ምስክር እንጥራ። በኬንያ፣ ሊሙሩ አጠገብ በምትገኘው ካሚሪቱ መንደር በ1977 እ.ኤ.አ. ገበሬዎችና ሠራተኞች የራሳቸውን የአደባባይ መድረክ አቁመው፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ ያዘጋጁትን ስለ መሬት መነጠቅ የሚናገር ተውኔት በኪኩዩ ቋንቋ ተወኑ። በልምምዱ ወቅት የመንደሩ ሰዎች ጽሑፉን ያርሙ ነበር፤ ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ይህን ያህል አልነበረም እያሉ። መንግሥት ተውኔቱን በዚያው ዓመት ከለከለ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. መድረኩንም አፈረሰው። የመንደር መድረክ ያን ያህል ያስፈራ ኖሯልን? አዎን፤ ምክንያቱም የታሪኩ ባለቤቶች ራሳቸው ቆመውበት ነበር።

ሁለተኛው ምስክር የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ስድስተኛ ቀጠና ነው። የአፓርታይድ መንግሥት በ1966 እ.ኤ.አ. ሰፈሩን ለነጮች ብቻ ብሎ ከ60,000 በላይ ሰው አፈናቀለ፤ ቤቶቹንም በቡልዶዘር ደመሰሰ። በ1994 እ.ኤ.አ. በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙዚየም ሲከፈት የሰፈሩ ካርታ ወለሉ ላይ ተነጠፈ፤ የቀድሞ ነዋሪዎችም ቤታቸው በነበረበት ቦታ ተንበርክከው ስማቸውን ጻፉ። የእኛን ሁኔታ ከአፓርታይድ ጋር ማመሳሰላችን አይደለም። የምንማረው፣ ሰው በእግሩ የቆመበትን ቦታ ሲያገኝ አንደበቱ እንደሚፈታ ነው።

እንግዲህ እንዴት ይሠራ? አንድ ግቢ ይመረጥ፤ ዋናው ቤት፣ ሰርቪሱና የዘበኛው ክፍል ያሉበት። ተመልካቹ በመጀመሪያ የሚገባው ወደ ሰርቪሱ ይሁን፤ እዚያ የማብሰያው ጭስ ያጠቆረውን ግድግዳ እየተመለከተ፣ በዚያ ሙያ ያረጀች ሴት ቃሏን ትስጥ። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ይለፍ፤ ቤቱ የተወረሰበት ሰው ልጅም ቃሉን ይስጥ፣ በቀበሌ ኪራይ የገባው ተከራይም ይመልስለት። በመጨረሻ ተመልካቹ ወደ ሜዳው ይውጣ፤ ከሁሉም በፊት ያንን መሬት ያረሰው ገበሬ የልጅ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ይናገር፤ የማይሰማው ሰው ካለ ጎረቤቱ ያስተርጉምለት። መቀመጫው የእድሩ አግዳሚ፣ ዝናብ ቢመጣ መጠለያው የእድሩ ድንኳን ይሁን። ጽሑፉ ከነዋሪዎች ቃል ይሰብሰብ፣ ተመልሶም ይነበብላቸው፤ «ይህን አላልሁም» ያለ ሰው ቃሉ ይታረምለት። የግቢው ጌታ እምቢ ቢልስ? እምቢታው ራሱ የተውኔቱ ክፍል ይሁን፤ በሩ እንደተዘጋ ከደጃፉ ይተወን። ላሊበላም የሚዘምረው ከደጃፍ ነው።

ለዚህ ሥራ ሦስት ሰዎች ያስፈልጉናል፤ የዚህ መጽሔት አንባቢም ከሦስቱ አንዱ ነው።

ካድሬ ሆይ! ያንተ ድርሻ ጽሑፉን አስቀድሞ ማየት አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሳንሱርን ከልክሏል። ያንተ ድርሻ አንድ ሰፈር ሊነሣ ሲወሰን፣ ቡልዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ለዚያ ሰፈር ሰዎች የሚናገሩበትን ጊዜና ቦታ መስጠት ነው። በተውኔቱ ውስጥ የአስተዳደሩም ስም ይነሣል፤ ያን ጊዜ ተነሥተህ እንደ ማንኛውም ተሟጋች መልስ ስጥ። መልስ ያለው ሰው ጥያቄን አይፈራም።

መምህር ሆይ! ተማሪዎችህን ወደ ቤታቸው ላካቸው። የአያታቸውን የኪራይ ደረሰኝ፣ የአባታቸውን የይዞታ ካርታ፣ የእናታቸውን የእጣ ምዝገባ ወረቀት ጠይቀው ይምጡ። አንዱ ልጅ ካርታ፣ ሌላው የቀበሌ ደብተር፣ ሦስተኛው ምንም ወረቀት የሌለው የጨረቃ ቤት ታሪክ ይዞ ሲመጣ፣ ክፍልህ የከተማይቱ መዝገብ ቤት ይሆናል። ያፈረ ልጅ እንዳይኖርም ተጠንቀቅ፤ ወረቀት የሌለው ታሪክም ታሪክ ነው።

ተዋናይ ሆይ! ካንተ የሚጠበቀው ከሁሉም የከበደ ነው። የምትጠላውን ሰው ያለ ትራስ መተወን ተማር። ቤት ተከራይተህ የምትኖር ከሆንህ አከራዩን ሁን፤ ቤት ያለህ ከሆንህ ዘበኛውን ሁን። ተመልካቹ «እውነቱን ነው» ያለው ለወደደው ሳይሆን ለጠላው ሰው የሆነ ዕለት፣ ሥራህን ሠርተሃል።

የቦሌ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ይጨመራሉ፤ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ከተማም ገና አላቆመም። በእያንዳንዱ ሕንፃ ሥር አንድ ማሳ፣ በእያንዳንዱ ማሳ ላይ የሁለት ሰዎች ሙግት አለ። የእኛ ሥራ ለአንደኛው መፍረድ አይደለም። የሁለቱን ኩታ ቋጥረን፣ በመሬታቸው ላይ አቁመን፣ «በሉ፣ ተናገሩ» ማለት ነው። ዳኛው በአግዳሚው ላይ ተቀምጧል። የታሪኩ ባለቤትም እርሱ ራሱ ነው።